ገለባው ለማሳ ወይስ ለሲሚንቶ?
የቡና ገለባና የለውዝ ልጣጭ በባዮቻር መልክ ወደ ግንባታው ዘርፍ የሚገቡበት ዕድልና ለሐረርና አካባቢዋ የሚያስነሳው ጥያቄ

ሐረር ስትነሳ ቡናዋ አብሮ ይነሳል። የሐረር ቡና በውሃ አይታጠብም። ከነቆዳው ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቅና ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈሉ ሲፈለፈል ፍሬው ወደ ገበያ ይጓዛል፣ ገለባው ደግሞ እዚያው ይቀራል። በዚህ ደረቅ ዝግጅት ከአንድ ኪሎ ግራም ንፁህ ቡና ጎን ክብደቱ ከእርሱ የሚቀራረብ ገለባ ይወጣል። አንድ ሺህ ኩንታል ቡና የተፈለፈለበት ቦታ ወደ አንድ ሺህ ኩንታል የሚጠጋ ገለባ ይዞ ይቀራል ማለት ነው።

ሐረሮች ገለባውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። ሐሸር ብለው ይጠሩታል፤ ከወተት ጋር አፍልተው ሆጃ ያደርጉታል። ቅጠሉም ቢሆን አይጣልም፣ ቁጢ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለሆጃ የሚፈለገው ገለባ ከሚወጣው ውስጥ ጥቂቱ ነው። የቀረው በመፈልፈያ ቤቶች ጓሮ ይከመራል፣ ይቃጠላል ወይም ዝናብ ሲመጣ ወደ ጅረት ይታጠባል። የተከመረ የቡና ገለባ ሲበሰብስ የሚወጣው ፈሳሽ ካፌይንና ታኒን ስላለው ለወንዝ ውሃ ጥሩ አይደለም።

ታዲያ ይህ ገለባ ባለፉት ዓመታት ከግንበኛውና ከሲሚንቶ ነጋዴው ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ ተፈጥሯል። በተለያዩ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች የእርሻና የእንጨት ተረፈ ምርትን ወደ ባዮቻር በመለወጥ ከሲሚንቶ ጋር ሲያደባልቁት ኮንክሪቱ ሊጠነክር እንደሚችል አሳይተዋል። ከጥናቶቹ አንዱ የተሠራው በቡና ተረፈ ምርት ነው። ይህ ለሐረርና ለአካባቢዋ አርሶ አደር መልካም ዜና ይመስላል። ዜናው ወደ ሥራ ከመለወጡ በፊት ግን ገለባው ቀድሞ ማን ዘንድ መድረስ እንዳለበት መነጋገር ያስፈልጋል።

ባዮቻር ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ፤ አመድ፣ ከሰልና ባዮቻር። ገለባ አየር እያገኘ እስከ መጨረሻው ሲቃጠል አመድ ይሆናል። በአመድ ውስጥ ካርቦን የሚባለው ንጥረ ነገር ከሞላ ጎደል አልቋል፤ ጭስና ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ሄዷል። ገለባው አየር በማያገኝበት ወይም እጅግ ጥቂት አየር ባለበት ዕቃ ውስጥ ሲሞቅ ግን ውሃውና ተናኙ ይወጣና ጥቁር ካርቦኑ ይቀራል። ይህ ለማገዶ ሲውል ከሰል፣ ለአፈር ወይም ለሌላ ሥራ ታስቦ ሲዘጋጅ ባዮቻር ይባላል። ሙቀቱ በአብዛኛው ከ350 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከሦስት ኪሎ ግራም ደረቅ ገለባ በግምት አንድ ኪሎ ግራም ባዮቻር ይገኛል።

ባዮቻር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ውሃ ይይዛል፣ ማዳበሪያም ይይዛል። ካርቦኑ በቀላሉ ስለማይበሰብስ በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል። የባዮቻር ጥቅም ሁሉ፣ በማሳም ይሁን በኮንክሪት፣ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ባሕርያት ነው።

በኮንክሪት ውስጥ ምን ይሠራል?

በአውስትራሊያ ሜልቦርን የሚገኘው አር ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በዶክተር ራጂቭ ሮይቻንድ መሪነት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ጥናት በብዙዎች ዘንድ ይጠቀሳል። ከቡና ቤቶች የሚጣለውን የተፈላ ቡና አተላ አድርቀው አየር በሌለበት በ350 ዲግሪ አሞቁት። ከኮንክሪቱ አሸዋ 15 ከመቶውን በዚህ ባዮቻር ሲተኩ ጥንካሬው 29 ከመቶ ያህል ጨመረ። በኋላም በቪክቶሪያ ግዛት በምትገኘው ጊዝቦርን ከተማ በዚሁ ኮንክሪት የእግረኛ መንገድ ሠርተው መሞከር ጀምረዋል።

ከዚህ ጥናት አንባቢ ሊይዛቸው የሚገቡ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ያልሞቀው ጥሬ የቡና አተላ በኮንክሪት ሲገባ ጥንካሬውን የሚቀንስ መሆኑ ነው። ከአተላው የሚሟሟው ቅመም የሲሚንቶውን መያያዝ ያውካል። ስለዚህ ገለባ ፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቅል ግንበኛ ቤት ያፈርሳል እንጂ አይገነባም። ሁለተኛው፣ አውስትራሊያውያኑ የተጠቀሙት የተፈላ የቡና ዱቄት እንጂ የጀንፈል ገለባ አይደለም። ሁለቱ ከአንድ ዛፍ ቢመጡም ባሕርያቸው ይለያያል። የሐረር ገለባ በሐረር ሊፈተሽ ይገባል የምንለውም ለዚህ ነው።

የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ከእንጨት ሥራ በሚወጣ ሰጋቱራ ባዮቻር ሠርተው ጥቂቱን ከሲሚንቶ ጋር በመቀላቀል ጥንካሬው እስከ 20 ከመቶ፣ ውሃ አለማስገባቱ እስከ 50 ከመቶ እንደተሻሻለ ገልጸዋል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በበኩላቸው ባዮቻሩን ቀድመው ከኮንክሪት እጥበት በሚወጣ ውሃ ነክረው እስከ 30 ከመቶ ድረስ ቀላቅለዋል። የዚያ ኮንክሪት ጥንካሬ በ28 ቀን ከመደበኛው ጋር የሚቀራረብ ሆኗል።

ይህ ለምን ይሆናል? በደንብ የላመ ባዮቻር በሲሚንቶና በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ከዚህም በላይ በቀዳዳዎቹ የያዘውን ውሃ ሲሚንቶው እየጠነከረ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይለቅለታል። ግንበኞች እንደሚያውቁት የተሞላ ኮንክሪት ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል። ውሃ ያጣ ኮንክሪት ይሰነጠቃል፣ ጥንካሬውም ይጓደላል። ባዮቻር ያለበት ኮንክሪት የሚጠጣውን ውሃ በከፊል በሆዱ ይዞ ይገባል።

ሲበዛ ግን ይጎዳል። በልዩ ዘዴ ያልተዘጋጀ ባዮቻር በብዙ ጥናቶች ጥሩ ውጤት ያሳየው ከሲሚንቶው ክብደት ከአንድ እስከ ሁለት ከመቶ ሲሆን ነው። ከአምስት ከመቶ ሲያልፍ በአብዛኛው ጥንካሬ ይቀንሳል፣ ቡኮውም ውሃ እየመጠጠ ለሥራ ያስቸግራል።

ሐረርን የሚመለከታት እንዴት ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ውሃ ነው። የሐረር ከተማ ለረጅም ጊዜ ውሃ ታገኝበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ መድረቁን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ውሃዋን ከሩቅ በቧንቧ ለማምጣት ተገድዳለች። ቤት የሚሠራ ሰው ለግንባታ ውሃ በቦቴ የሚያስመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚጠጣ ውሃ በወረፋ በሚገኝበት ሰፈር ደግሞ ኮንክሪት ሰባት ቀን ማጠጣት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ብሎኬት ሁለት ቀን ብቻ ረጥቦ ለገበያ ሲቀርብ ማየትም እንግዳ አይደለም። ውሃ በሆዱ የሚይዝ ድብልቅ እንዲህ ላለ ከተማ ትርጉም አለው።

ሁለተኛው አሸዋ ነው። አሸዋ ከወንዝ አልጋ ሲዛቅ የወንዙ ዳርቻ ይሸረሸራል፣ በዳርቻው ያለ ማሳም አብሮ ይሄዳል። ከአሸዋው ጥቂቱን የሚተካ ነገር ቢገኝ ተጠቃሚው ከተሜው ብቻ ሳይሆን በቆላው ወንዝ ዳር የሚያርሰው ገበሬም ነው።

ሦስተኛው ሲሚንቶ ራሱ ነው። የሀገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ድሬዳዋ ነው። የኖራ ድንጋይ በ1 ሺህ 450 ዲግሪ ሙቀት ካልተቃጠለ ሲሚንቶ አይሆንም፤ ለዚህም ብዙ ማገዶና የድንጋይ ከሰል ይፈልጋል። ባለፉት ዓመታት የገጠመን የሲሚንቶ እጥረትና የዋጋ ንረት ከማንም አእምሮ አይጠፋም። ከሲሚንቶ ጋር ሌላ ነገር መቀላቀልም ለእኛ አዲስ አይደለም። ዛሬ በገበያ ፒ ፒ ሲ እየተባለ የሚሸጠው ሲሚንቶ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ ፑሚስ የተቀላቀለበት ነው። ፑሚሱ በፋብሪካ በደረጃና በምርመራ ሲገባ ሰው አምኖ ገዝቶታል። ባዮቻርም ቢሆን ተቀባይነት የሚያገኘው በዚሁ የምርመራ መንገድ ካለፈ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እናስላ

በአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሁለት ከመቶ ባዮቻር ቢቀላቀል ሁለት ኪሎ ግራም ይሆናል። ሁለት ኪሎ ግራም ባዮቻር ለማግኘት ስድስት ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ገለባ ያስፈልጋል። አንድ ብሎኬት አምራች ማኅበር በወር 100 ኩንታል ሲሚንቶ ቢጠቀም የሚያስፈልገው ባዮቻር 200 ኪሎ ግራም፣ ገለባው ስድስት ኩንታል ነው። ይህ ከአንድ መፈልፈያ ቤት በቀላሉ የሚገኝ መጠን ነው።

አውስትራሊያውያኑ እንዳደረጉት ከአሸዋው 15 ከመቶውን እንተካ ከተባለ ሒሳቡ ይለወጣል። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 0.4 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ቢገባ፣ የሚተካው 60 ሊትር ገደማ ነው። ለአንድ ቤት መሠረትና ወለል ይህ በበርሜል የሚቆጠር ባዮቻር ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ሙከራ የሚመረጠው ትንሹ መጠን ነው።

ስለ አየር ንብረት ሲነገርም ልክን ማወቅ ይበጃል። ሁለት ኪሎ ግራም ባዮቻር ይዞ የሚያስቀምጠው ካርቦን፣ ወደ አየር ቢወጣ ኖሮ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሆን ነው። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሲመረት ግን እንደ ዓይነቱ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ግራም የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እንግዲህ ባዮቻር የሲሚንቶን ጭስ አያጠፋም፣ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ። በዓለም የካርቦን ገበያ ባዮቻር እንደሚሸጥ እውነት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ልኬትና የምስክር ወረቀት ግን ቀላል አይደለም። ለአርሶ አደሩ የካርቦን ገንዘብ በነገው ዕለት እንደሚመጣ አድርጎ መንገር ተገቢ አይሆንም።

የመጀመሪያው ባለ መብት ማሳው ነው

ገለባው ከእርሻ የወጣ ነው። ከአፈሩ ያወጣው ፖታሲየምና ሌላ ንጥረ ነገር አለበት። ኮንክሪት ውስጥ የገባ ገለባ ተመልሶ ማሳ አይገባም። ስለዚህ ማንኛውም ወረዳ ገለባን ለግንባታ ከማሰቡ በፊት የአርሶ አደሩን ድርሻ ሊያስብ ይገባል።

በሀገራችን ባዮቻር በይበልጥ የተጠናው ለአፈር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቡና ገለባንና የበቆሎ ቆረቆንዳን በ350 እና በ500 ዲግሪ ወደ ባዮቻር ለውጠው በጅማ አሲዳማ አፈር ላይ ያመጡትን ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። የአፈሩ አሲዳማነት ቀንሷል፣ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙም ተሻሽሏል። የጅማው ውጤት እንዳለ ወደ ሐረር ይመጣል ማለት ግን አይደለም። በሐረርና አካባቢዋ የኖራ ድንጋይ የበዛባቸው ቦታዎች ብዙ ስለሆኑ አፈሩ አሲዳማ ያልሆነበት ማሳ ሞልቷል። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ አሲድ ለመቀነስ ባዮቻር መጨመር ጥቅም የለውም፤ ሲበዛም ሊጎዳ ይችላል። በእኛ አካባቢ የባዮቻር ዋና ጥቅም እርጥበትና ማዳበሪያ መያዙ ነው። ስለዚህ አፈር ሳይመረመር ባዮቻር በየማሳው መበተን አይመከርም።

ለማሳ የሚሆን ባዮቻር ብቻውን አይበተንም። አዲስ ባዮቻር ናይትሮጅን ወደ ራሱ ስቦ ሰብሉን ለጊዜው ሊያስርበው ይችላል። ከኮምፖስት፣ ከበረት ፍግ ወይም ከከብት ሽንት ጋር ተደባልቆ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሲገባ ግን ማዳበሪያውን ይዞ ለሥሩ ያደርሳል። ጥቂት ባዮቻር ላለው አርሶ አደር የተሻለው ቦታ የቡና ችግኝ ጉድጓድና የአትክልት መደብ ነው።

ከቡና ገለባ ሌላ ምን አለ? በኤረርና በሶፊ፣ ከዚያም አልፎ በባቢሌና በፈዲስ ለውዝ ይመረታል። ሲፈለፈል የሚወጣው ልጣጭ ደረቅና ቀላል ስለሆነ ለባዮቻር ይመቻል። ከሐረርና ከአወዳይ የጫት ገበያ በየቀኑ የሚወጣው ገረባም አለ። ቅጠሉን ፍየልና ከብት ይበሉታል፣ እንጨቱም ማገዶ ይሆናል። የሚተርፈው ግን የከተማ ጽዳት ችግር ነው። የማሽላ አገዳ ከዚህ ዝርዝር ውጪ መሆን አለበት። በሐረርጌ አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። በድርቅ ዓመት አገዳ ያለው ቤት ከብቱን ያተርፋል። አገዳን ለሲሚንቶ የሚሰበስብ ፕሮጀክት የከብቱን መኖ የሚሻማ ስለሆነ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።

ዛፍ እንዳይቆረጥበት

ትልቁ ስጋት ሌላ ነው። ባዮቻርና ከሰል በዓይን አይለዩም። ነገ አንድ ብሎኬት አምራች ባዮቻር በኪሎ እገዛለሁ ቢል ገለባ ከሚለቅመው ይልቅ ግራር የሚቆርጠው ቀድሞ ጆንያውን ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ከጎረቤት አፋር የምንማረው አለ። ፕሮሶፒስ የተባለውን ወራሪ ዛፍ በከሰልነት እየተጠቀሙ ለመቆጣጠር በማኅበራት የተጀመረው ሥራ አገር በቀል ዛፎችም አብረው እየከሰሉ በመገኘታቸው እንቅፋት ገጥሞት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የጎደለው ከሰሉ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ የሚያረጋግጥ ሰው ነው።

ስለዚህ ባዮቻር ለግንባታ ይገዛ ከተባለ የሚገዛው ከታወቀ መፈልፈያ ቤት ወይም ማኅበር፣ ገለባው ተመዝኖ በተመዘገበበት ሰነድ መሆን አለበት። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ባለበት ሀገር የወረዳ ባለሙያ ይህን ለመቆጣጠር የሕግ መሠረት አያጣም። ከሁሉም የሚሻለው ግን ባዮቻሩ እዚያው መፈልፈያ ቤት እንዲዘጋጅ ማድረግ ነው። ገለባ ከሚጓዝ ሲሶው ክብደት ብቻ ቀርቶ ቢጓዝ ትራንስፖርቱም ይረክሳል።

ለጁገል ግንብ አይሆንም

ሐረር ሁለት ከተማ ናት። አንዷ በግንቡ ውስጥ ያለችው ጁገል ስትሆን ሌላዋ ከግንቡ ውጪ እየሰፋች ያለችው አዲሲቱ ከተማ ናት። ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሚር ኑር ስም ጋር ተያይዞ የሚነሳ ነው። በ48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች ያሉባት ይህች ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

የጁገል ቤቶች የተሠሩት በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣም ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን መተንፈሻው ይዘጋል። ውሃው ከልስኑ ኋላ ይታሰራል፣ ጭቃው ይላላል፣ በግድግዳው መካከል የተጋደመው እንጨት ይበሰብሳል። በመላው ዓለም የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች በአሮጌ ግንብ ላይ ሲሚንቶ እንዳይደረግ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው። ባዮቻር ሲጨመርበት ይህ አይለወጥም። እንዲያውም ባዮቻር ያለው ሲሚንቶ ውሃ የማያስገባ ከሆነ ለአዲስ ቤት ጥቅም የሆነው ነገር ለጁገል ግድግዳ ጉዳት ነው። ለጁገል የሚያስፈልጋት ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ኖራና ሙያውን የሚያውቅ እጅ ነው። የባዮቻር ሙከራ ከግንቡ ውጪ ይሁን።

ከየት ይጀመር?

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው።

አንደኛ፣ አዘገጃጀቱ። የቡና ገለባ ደቃቅ ስለሆነ በጉድጓድ ሲቃጠል ወይ ይታፈንና ይጨሳል ወይ አመድ ይሆናል። የተሻለው በበርሜል ማዘጋጀት ነው። ገለባው ክዳን ባለውና ታቹ ጥቂት ቀዳዳ ባለው ትንሽ በርሜል ይሞላል፤ ትንሹ በርሜል በትልቅ በርሜል ውስጥ ይቀመጥና በዙሪያው እሳት ይነዳል። ከገለባው የሚወጣው ጋዝ ራሱ እየነደደ ሙቀቱን ይጠብቃል። ጋዙ ሲያልቅ በርሜሉ እንደተዘጋ እስኪቀዘቅዝ ይተዋል። ለማሳ የሚሆነውን በውሃ ወይም በአፈር ማጥፋት ይቻላል፤ ለኮንክሪት የሚሆነው ግን አፈር መንካት የለበትም። ሥራው የሚሠራው በቤት ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ ነው። የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ሰው ይገድላል።

ሁለተኛ፣ ማጠብና ማላም። የቡና ገለባ ፖታሲየም የበዛበት ነው። ይህ ጨው በሲሚንቶ ውስጥ ሲበዛ አጠነካከሩን ሊያውክ፣ ከአንዳንድ አሸዋና ጠጠር ጋርም ተዋህዶ ከጊዜ በኋላ ኮንክሪቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ባዮቻሩ በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት ልሞና በወንፊት ተነፍቶ ይገባል። የታጠበበት ውሃ ፖታሲየም ስላለው ለማዳበሪያ ክምር እንጂ ለመጣል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፍተሻ። ምንም ባዮቻር የሌለው፣ አንድ ከመቶ፣ ሁለት ከመቶና አምስት ከመቶ ያለው አራት ዓይነት ድብልቅ ይዘጋጃል። ከየዓይነቱ 15 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው ስድስት የሙከራ ኩቦች ይሞላሉ፤ ሦስቱ በ7ኛው ቀን፣ ሦስቱ በ28ኛው ቀን በማሽን ይጨመቃሉ። በድምሩ 24 ኩብ ማለት ነው። በአንድ ወር ውስጥ የሐረር ገለባ ይጠቅም እንደሆነና እንዳልሆነ የመጀመሪያው መልስ ይገኛል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ግብርናውንና ምህንድስናውን በአንድ ጠረጴዛ ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ ቅርበት አይገኝም።

አራተኛ፣ የአጠቃቀም ደረጃ። ፍተሻው ጥሩ ውጤት ቢያሳይም መጀመሪያ የሚሠራው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ የአጥር ብሎኬትና የግቢ ወለል ነው። አውስትራሊያውያኑም የጀመሩት ከእግረኛ መንገድ ነው። ብረት ያለበት ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ የሰው ሕይወት የተሸከሙ ናቸው። ዓመታት የቆየ ውጤት ሳይታይና ደረጃ ሳይወጣለት ባዮቻር ወደነዚህ ሊገባ አይገባም።

አምስተኛ፣ ድርሻ። አብዛኛው ገለባ እስከ ዛሬ ብዙ ዋጋ ያልተሰጠው ነገር ነው። ዋጋ ያገኘ ዕለት ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ጀንፈሉን ያመጣው አርሶ አደር ነው ወይስ የፈለፈለው ነጋዴ? ይህ ሳይወሰን ሥራው ከተጀመረ ጥቅሙ መፈልፈያ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ገለባቸውን ወይም ከገለባቸው የሚዘጋጀውን ባዮቻር ግማሽ እንዲመልሱ ከአሁኑ መስማማት ይችላሉ። አንድ ጆንያ ባዮቻር ለብሎኬት ሲሄድ አንድ ጆንያ ለቡናው ሥር ይመለስ ቢባል ሁለቱም ወገን አይጎዳም።

ሐሸርን ሆጃ ያደረጉ እናቶች ሌላው የጣለውን ነገር መጠቀም ለዚህች ከተማ ከጥንትም አስተምረዋታል። አሁን የመጣው ዕድልም ከዚያው ወገን ነው። ዕድሉ የሚለካው ግን በተሞላው ብሎኬት ብዛት ብቻ አይሆንም። ገለባውን ያመረተው ማሳ በሚቀጥለው ዓመትም ቡና ማፍራቱ፣ ግራሩ ባለበት መቆሙ፣ የጁገል ግንብም እንደተነፈሰ መኖሩ አብረው መታየት አለባቸው። ለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ በቀጣዩ የቡና ወቅት በአንድ መፈልፈያ ቤት፣ በአንድ በርሜልና በ24 ኩብ መጀመር ነው።